መሮጥ እየቻሉ መራመድ

ኮምቦልቻ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ

የእርምጃ ተወዳዳሪ ነበርኩ ስል የሚከተለው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ታዲያ ለምን አልሮጥሽም?» ይሉኛል። አልቀየምም። አትሌቲክስ ለእኛ ሩጫ ነው፤ ያደግነውም የአበበን፣ የማሞን፣ የምሩጽን፣ የደራርቱን፣ የኃይሌን ስም እየጠራን ነው። በቀደም አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ይህንኑ ስትጠይቀኝ «አሰልጣኜ ስለመረጠኝ ነው» ብዬ አለፍኳት። ውሸት አልነገርኳትም፤ መልሱ ግን ያ ብቻ አይደለም።

የእርምጃ ውድድር ሕጉ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ምንጊዜም ቢሆን አንዱ እግር መሬት መንካት አለበት፤ ሁለቱም ከመሬት ከተነሱ ሩጫ ሆነ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ወደ ፊት የተዘረጋው እግር መሬት ከነካበት ቅጽበት ጀምሮ ሰውነት በላዩ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ ጉልበቱ አይታጠፍም። በእነዚህ ሁለት ሕጎች ታስረው ምን ያህል መፍጠን እንደሚቻል ያላየ ሰው አያምንም። ቻይናዊቷ ያንግ ጂያዩ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 የሴቶችን 20 ኪሎ ሜትር በ1 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ ጨርሳለች፤ አንዱን ኪሎ ሜትር በ4 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገደማ ማለት ነው። ብዙ ጤነኛ ወጣት በዚህ ፍጥነት ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ ሮጦ አይዘልቅም።

ጉልበት ካልታጠፈ እርምጃ የሚረዝመው በዳሌ ነው። ዳሌው ወደ ፊት ሲዞር እግሩን ይዞት ይሄዳል። ክንድ በክርን ታጥፎ ወደ ደረት ይመላለሳል፤ ትከሻ ይላላል። ከሁሉ የሚያመው ደግሞ ሰው የማይጠረጥረው ቦታ፣ የቅልጥም የፊት ጡንቻ ነው። ተረከዝ መሬት ሲረግጥ ጣቶቹን ወደ ላይ ይዞ የሚያቆየው እሱ ስለሆነ፣ ጀማሪ ሳለሁ ከልምምድ በኋላ ደረጃ መውረድ ያቅተኝ ነበር።

ይህን ሁሉ የምንለማመደው በአደባባይ ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ ሰው የሚደበቅባት ከተማ አይደለችም። ከአዲስ አበባ የሚመጣው፣ ወደ ደሴ የሚወጣው፣ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርደው መኪና ሁሉ እዚህ ይገናኛል። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ወደ ሐርቡ በሚወስደው አስፋልት ዳር ስንወጣ የከባድ መኪና ሾፌሮች ጥሩምባ ይነፉብናል፤ የባጃጅ ልጆች ፍጥነት ቀንሰው አንገታቸውን ያወጣሉ፤ ትንንሾቹ ደግሞ ከኋላችን ተሰልፈው አረማመዳችንን ይቀዳሉ። የሚሳቀው በዳሌያችን ነው። አንዲት ሂጃብ ያደረገች ልጅ በአውራ ጎዳና ዳሌዋን እያዞረች ስትከንፍ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት እንደሚደርስ ለወሎ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ደረሰም። እናቴ ጠርታ አስቀመጠችኝና «ልጄ፣ መሮጡን ሩጪ፤ ማን ከለከለሽ? ይኼኛው ግን ምንድን ነው? ሰው ምን ይለናል?» አለችኝ። ለማስረዳት ሞከርኩ፤ አልገባትም። አሰልጣኜን ቤት ጠራሁት። ቡና ተፈላ። አቦሉ እስኪጠጣ ድረስ ስለ ስፖርት አንድም ቃል ሳይተነፍስ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፍ ዋጋ ሲያወራ ቆየ። ቶናው ላይ ተነሣና «እማማ፣ እስቲ ይዩኝ» ብሎ ከበሩ እስከ ጓዳው ድረስ ተራመደላት፤ መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ሰው፣ ቀጥሎ ጉልበቱን ሳያጥፍ። ዳሌው ለምን እንደሚዞር፣ ካልዞረ ምን እንደሚጎዳ ነገራት። እናቴ በጥሞና አየችው። በረካው ላይ ቃሏን ሰጠች፤ ሱሪዬ ሰፊ፣ ከላይ የምለብሰው እስከ ጉልበቴ የሚወርድ ይሁን፤ ታናሽ ወንድሜም በብስክሌት ይከተለኝ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ሲያማኝ የምትመልሰው እሷ ሆነች። የምወዳትን እናቴን ከዚያ ቀን በኋላ ደግሞ ማክበር ጀመርኩ፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያኔ ነው ያየሁት። ያልገባትን ነገር እስኪገባት ድረስ ቁጭ ብላ የምታይ ሰው ብዙ አላጋጠመችኝም።

ስለ ዳኞቹ ልጻፍ፤ የዚህ ስፖርት ነፍሱ እነሱ ናቸውና። በመንገዱ ዳር በተለያየ ቦታ ይቆማሉ። ጥርጣሬ ሲገባቸው ቢጫ ምልክት ያሳያሉ፤ ያ ማስጠንቀቂያ ነው። ጥፋቱን በግልጽ ካዩ ቀይ ካርድ ይጽፋሉ። ካርዱን ግን ለአንቺ አይሰጡሽም፤ ወደ ሰሌዳው ይላካል፤ አንቺም በዙሩ ስታልፊ ከቁጥርሽ ትይዩ ታነቢዋለሽ። ከሦስት የተለያዩ ዳኞች ሦስት ቀይ ካርድ የተጻፈባት ተወዳዳሪ ትወጣለች። አሁን አሁን በአንዳንድ ውድድሮች ከመውጣት በፊት የቅጣት ቦታ ገብቶ ለተወሰነ ደቂቃ መቆም አለ፤ በእኔ ጊዜ ግን ሦስተኛው ካርድ የመጨረሻ ነበር። የሚፈርደው ደግሞ የሰው ዓይን ነው፤ ካሜራ አይጠየቅም። በዝግታ በሚታይ ምስል ከተመረመረ ፈጣን ተራማጆች ለዓይን ጥቅሻ ያህል ከመሬት መነሳታቸው ይታያል፤ ሕጉ ግን የሚከለክለው ዓይን የሚያየውን ነው። ይህን ሰምተው «እንግዲያ ፍርዱ ልክ አይደለም» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። በሰው ፊት የሚደረግ ነገር በሰው ዓይን ቢዳኝ ምን ነውር አለው?

አንድ ጊዜ ደሴ ላይ ተወዳደርን። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ በዶሮ መዝለያ ጠመዝማዛ ወጥተሽ ስትደርሺ ግን ሌላ አገር ነው። እኛ ከባሕር ወለል በላይ በ1,850 ሜትር አካባቢ ሞቆን ነው የምንኖረው፤ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። ጠዋት ከጦሳ የሚወርደው ብርድና ጉም ጣት ያደነዝዛል፤ ሳንባም ቶሎ ይጠብባል። ያም ሆኖ ያን ቀን ሰውነቴ እንዳዘዝኩት ይሄድልኝ ነበር። ግማሹን እንዳለፍን ሁለተኛ ነበርኩ። ከፊቴ ያለችው ልጅ ትከሻዋ መወጠር ጀምሯል፤ ትከሻ ሲወጠር ጉልበት ማለቁን እናውቃለን። እኔ ገና አለኝ።

በሰሌዳው ሳልፍ ከቁጥሬ አጠገብ ሁለት ቀይ ካርድ አየሁ።

ይህን ቅጽበት ለማስረዳት ሁልጊዜ እቸገራለሁ። ትንፋሽ አለሽ፣ ጉልበት አለሽ፣ የምትደርሺባት ልጅ ከፊትሽ ናት፣ እግርሽ ሊሮጥ ይፈልጋል፤ ሰው ከተፈጠረ ጀምሮ የሚያውቀው ሩጫን ነውና። አሰልጣኜ ከዳር ሆኖ «አሳጥሪ! እርምጃሽን አሳጥሪ!» ይላል። አሳጠርኩ። ከኋላዬ የነበሩት ሁለት ልጆች በጎኔ አለፉ። የአንደኛዋን ትንፋሽ ከጆሮዬ አጠገብ ሰማሁት፤ ከእኔ ይልቅ የደከመች እሷ ነበረች። እያየኋት አለፈችኝ። አራተኛ ሆኜ ጨረስኩ።

ወደ ኮምቦልቻ ስንመለስ በመስኮቱ ገደሉን እያየሁ አለቀስኩ። ኩራት የሚባል ነገር በውስጤ አልነበረም። «ሦስተኛው ዳኛ ባያየኝስ ኖሮ?» የሚለው ጥያቄ ለብዙ ጊዜ አብሮኝ ኖሯል፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። ስለ ስፖርት የሚነገረን «እስከ መጨረሻው አትልቀቅ» የሚል ነው። ይህ ምክር ለሯጭ ይሠራ ይሆናል፤ የእኔ ስፖርት የጠየቀኝ ግን ሙሉ ጉልበት እያለኝ መልቀቅን ነው። የደከመ ሰው ቢለቅ አይደንቅም። ያልደከመ ሰው ሲለቅ ግን ራሱን በራሱ እጅ ይይዛል፤ እንደዚያ ያለ ከባድ ነገር በሕይወቴ ብዙ አልሠራሁም።

አሰልጣኜ በዚያ ሰሞን የሲድኒን ታሪክ ነገረን። ሲድኒ 2000 ሲባል ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሚያስታውሰው ኃይሌ ፖል ቴርጋትን በመቶኛ ሰከንዶች ቀድሞ 10 ሺህ ሜትሩን ያሸነፈበትን ነው፤ ደራርቱ፣ ሚሊዮን ወልዴና ገዛኸኝ አበራም ወርቅ ያመጡበት ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሲድኒ ሲነሳ ጄን ሳቪልን ጭምር አስባለሁ። የሴቶች 20 ኪሎ ሜትር እርምጃ በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደበት ዓመት ነበር። አውስትራሊያዊቷ ሳቪል በገዛ አገሯ እየመራች ወደ ስታዲየሙ ልትገባ ስትል ዋናው ዳኛ ቀይ ምልክት አሳይቶ ከውድድሩ አስወጣት። የአገሯ ሕዝብ ውስጥ ሆኖ ይጠብቃታል። ወርቁን ቻይናዊቷ ዋንግ ሊፒንግ ወሰደችው። ከአራት ዓመት በኋላ አቴንስ ላይ ሳቪል እንደገና ተሰለፈችና ነሐስ አገኘች።

ሰው የሚያወራው ስለዚያ የስታዲየም በር ነው። እኔ የማስበው ስለ አራቱ ዓመታት ነው። በእነዚያ ዓመታት ጠዋት ጠዋት ወጥቶ፣ እንዲያ ያለ ነገር በደረሰበት እግር፣ ያንኑ ሕግ እያከበሩ፣ ነገ ያው ዓይን እንደሚያይ እያወቁ መለማመድ እንዴት ያለ ነገር ነው! ለእኔ ጽናት የሚባለው ያ ነው።

ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ሲቃረብ ሰው በእግሩ ወጣ። እኛም ወጣን፤ በለመድኩት በሐርቡ መንገድ። እናቴ በአንድ እጇ ፌስታል፣ በሌላው የእኔን ክንድ ይዛለች። ጉልበቷን ያማታል፤ በየጥቂቱ ትቀመጣለች። ያንን አስፋልት እያንዳንዱን ስንጥቅ አውቀዋለሁ፤ የት ላይ መፍጠን እንደሚቻል አውቃለሁ። በእናቴ እርምጃ ሄድኩ። ዘመኔን ሁሉ ለመፍጠን የተማርኩትን እግር ይዤ ከእሷ ግማሽ ክንድ እንኳ ሳልቀድም ሄድኩ። ወንድሜ ከፊት ሄዶ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል፤ መታገስ አልቻለም፤ አልፈርድበትም። እናቴ ስትቀመጥ እቀመጣለሁ። እሷ ናት የምታጽናናኝ፤ «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ አለ» ትለኛለች። ስለዚያ መንገድ ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈልግም። ደህና ተመልሰናል፤ አልሐምዱሊላህ።

አሁን የምሠራው ንብረት ክፍል ውስጥ ነው። የገባውን ቆጥሬ፣ አስመዝኜ እፈርማለሁ። አንድ ጊዜ የጎደለ ጭነት መጣ፤ «ፈርሚ፣ ጉድለቱ በሚቀጥለው ይሟላል» ተባልኩ። አለቃዬ ቸኩሏል፣ ሾፌሩ ቸኩሏል፣ ወዛደሮቹ ምሳ ሰዓታቸው ደርሷል። እንደገና ካልተመዘነ አልፈርምም አልኩ። ጮክ ብዬ አልተናገርኩም፤ ጀግንነትም አልተሰማኝም። ብዕሩን አስቀምጬ ቆምኩ እንጂ። ተመዘነ፤ የጎደለው ተጻፈ። ለብዙ ጊዜ በሥራ ቦታ ፊት ተነሳሁ፤ ሰላምታ የሚያሳጥሩብኝ ሰዎች በዙ። በዚያ ሰሞን ቤቴ ገብቼ ስተኛ ግን እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ዓመታት ሙሉ እግሬ መሬት መልቀቁን ዳኛው ከማየቱ በፊት ራሴ እንድሰማው ሆኜ ነው የሠለጠንኩት። ይህ ስሜት ጫማዬን ሳወልቅ አብሮ አልወለቀም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከአሰልጣኜ ጋር ሆኜ ልጃገረዶችን አሠለጥናለሁ። መንገዱ ያው ነው፤ ጥሩምባውም አልቀረም። ከመካከላቸው አንዷ ከሁሉም ትፈጥናለች፤ ጉልበቷም ቀጥ ያለ ነው፤ እንዲህ ያለ ተፈጥሮ አይቼ አላውቅም። ትናንት ከልምምድ በኋላ ቀረበችኝና ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «እትዬ፣ ወደ 5 ሺህ ሜትር ሩጫ ብዛወር ትቀየሚኛለሽ?» አለችኝ። ሽልማቱም፣ ክለቡም፣ ስሙም ያለው ሩጫ ውስጥ መሆኑን ታውቃለች፤ ቤታቸውም ችግር አለ። የምታወራው ስለ እንጀራ ጭምር ነው። እርምጃ ይሻልሻል ብዬ ልጫናት አልችልም፤ የእኔ ፍቅር የእሷን ቤት ኪራይ አይከፍልም። አልቀየምሽም አልኳት። አሰልጣኜ ጋ ደወልኩ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ መጀመሪያ 5 ሺህ ሜትር ሰዓት ይያዝላት፤ በሌላ ቀን ደግሞ 10 ኪሎ ሜትር እርምጃ ትሂድና ሁለቱን ውጤት ይዘን እናቷ ጋ እንሂድ ብለን ተስማማን። ቡናውን እኔ እወስዳለሁ።