አኒሞኗን እንዴት እንደምመግባት

የባህር አኒሞን አበባ የምትመስል፣ ድንጋይ ላይ ተጣብቃ በአፏ ዙሪያ ባሉት ቀጫጭን እጆቿ ምግብ የምትይዝ የባህር እንስሳ ናት። እሷን የገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በሳምንት ስንት ጊዜ ላብላት?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቀው ስለ መብራቱ ነው። በቤት አኳሪየም (የመስታወት የዓሣ ገንዳ) የምናኖራቸው አብዛኞቹ አኒሞኖች ገላቸው ውስጥ በዓይን የማይታይ አልጌ፣ እንደ ዕፅዋት በብርሃን የሚኖር ጥቃቅን ነገር፣ ይዘው ይኖራሉ። አልጌው በብርሃን ምግብ ይሠራል፣ ከሠራውም ለአኒሞኗ ያካፍላል። ከምታገኘው ጉልበት ትልቁ ድርሻ ከዚያ ነው። እኛ በእጃችን የምንሰጣት ተጨማሪ ነው። መብራት አንሷት የከሳች አኒሞን ሽሪምፕ (ትንሽ ባለ ቅርፊት የባህር እንስሳ) በብዛት ስለበላች አትድንም።

የእኔዋ ባብል ቲፕ የምትባለው ዝርያ ናት። እንደገባች ምንም አላበላኋትም፣ ይህም ሆን ብዬ ነው። አዲስ ቦታ የገባች አኒሞን ከሁሉ በፊት የምትፈልገው እግሯን የምትተክልበት የድንጋይ ስንጥቅ ነው። እስክታገኝ ድረስ ትዞራለች፤ በዚያ መሃል የተሰጣትን ምግብ ብዙ ጊዜ ትተፋዋለች። ፓምፑ ውሃ የሚስብበትን አፍ በስፖንጅ ሸፈንኩ። ስትዞር ከተሳበች ትቆራረጣለች፣ ከሞተች ደግሞ ውሃውን በክላ ዓሦቹንም ይዛ ትሄዳለች። መብራቱንም ቀስ በቀስ እያሳደግሁ ጠበቅኋት። ቦታዋን ይዛ እጆቿን ዘርግታ መዋል ስትጀምር ነው ምግብ የጀመርነው።

ምግቡ ቀላል ነው። ማይሲስ የሚባለው ትንሽዬ ሽሪምፕ ወይም ጥሬ የባህር ሽሪምፕ፣ ጨውም ቅመምም ያልነካው። የጨዋማ ውሃ ያልሆነ ዓሣ አልሰጣትም። ከፍሪዘር የወጣውን በትንሽ ኩባያ ከአኳሪየሙ በቀዳሁት ውሃ አቀልጠውና በወንፊት አጥልዬ ጭማቂውን እደፋለሁ። ያ ጭማቂ ለአኒሞኗ ምንም አይሰጣትም፤ ውሃውን የሚያበላሹትን ናይትሬትና ፎስፌት ብቻ ይጨምራል። ሽሪምፑ ተለቅ ካለ ከአፏ እንዲያንስ አድርጌ እቆርጠዋለሁ። ትልቅ ቁራጭ ብትውጠው እንኳ ሳትፈጨው ቆይታ ታወጣዋለች፣ እሱም ውሃው ውስጥ ይበሰብሳል።

ከዚያ ፓምፖቹን አጠፋለሁ። ውሃው ሲረጋ ቁራጩን በረጅም ወረንጦ ይዤ እጆቿን ብቻ አስነካለሁ። አፏ ላይ አልጭነውም። እጆቿ ላይ ሲነኩ ክር የሚተኩሱ ጥቃቅን ሴሎች ስላሉ፣ ጤነኛ ከሆነች ቁራጩ እንደነካት ጥብቅ ይላል። በዙሪያው ያሉት እጆች አንድ በአንድ ወደ እሱ ይታጠፋሉ። ቁራጩ ወደ መሃል ይጎተታል፣ አፏ ዘግየት ብሎ ይከፈታል፣ ከዚያ ገላዋ በሙሉ ይሰበሰባል። ደቂቃዎች ይወስዳል። ይህን ቁጭ ብዬ ማየት በጣም ነው የምወደው፤ ጤንነቷን የማውቀውም በዚሁ ሰዓት ነው።

ቁራጩ ሳይጣበቅ ከወደቀ አልታገላትም፣ አንስቼ እመለሳለሁ። ወይ አልራባትም፣ ወይ የሆነ ነገር አለ። አፏ ገጥሞ ከተዘጋ ደህና ናት። ተከፍቶ ከዋለና ውስጧ ወደ ውጭ ከወጣ ግን ምግብ ረስቼ ወደ ውሃው እዞራለሁ። ጨው 35 ግራም በሊትር አካባቢ መሆን አለበት፣ ሙቀቱ ከ25 እስከ 26 ዲግሪ፣ አሞኒያ ደግሞ ዜሮ። ቀለሟ ነጥቶ ከታየ አልጌውን አጥታለች ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ብቻ ነው ምግብ ቶሎ ቶሎ የምሰጣት፣ እሱንም በጣም ትንሽ ትንሽ አድርጌ፣ አልጌው እስኪመለስ። በደህናው ጊዜ በሳምንት አንዴ ይበቃታል፤ ናይትሬት ሲጨምር ደግሞ አሳልፈዋለሁ።

ጀማሪዎችን የሚያስደነግጥ አንድ ነገር አለ። አኒሞን ምግብ የምታስገባበትም ቆሻሻ የምታስወጣበትም አፍ አንድ ነው። ከበላች በኋላ ኩምትር ብላ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ብታወጣ አልታመመችም። ተመልሳ ትነፋለች።

ሌላው ጣጣ ሌቦቹ ናቸው። ክሊነር ሽሪምፕ የሚባለው፣ የዓሦችን ገላ የሚያጸዳው ሽሪምፕ፣ ምግቡን ከእጇ ብቻ ሳይሆን ከአፏ ውስጥ ጎትቶ ያወጣል፣ እሷም ትጎዳለች። እኔ መጀመሪያ ለእሱ ራቅ አድርጌ ድርሻውን እሰጠዋለሁ። በሱ ላይ ተጠምዶ ሳለ እሷን አበላለሁ። አኒሞን እጆች መሃል የሚኖረው ክላውን ዓሣ ግን ሌላ ነው። አንዳንዱ የተሰጠውን ቁራጭ ራሱ ወስዶ እጆቿ መሃል ያስቀምጥላታል።

አልጌ የሌላቸው አኒሞኖችም እንዳሉ ግን አይረሳ። እነሱ ሙሉ በሙሉ በሚያገኙት ምግብ ነው የሚኖሩት፤ የእኔ ልክ ለእነሱ አይሠራም። ሰር ጆን ዳልዬል የሚባሉ ስኮትላንዳዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1828 ከባህር ዳር ያመጧት አኒሞን ከእንደዚህ ዓይነቶቹ ነበረች። እሳቸው በ1851 ሲሞቱ ሌሎች ተረክበው አኖሯት። እስከ 1887 ድረስ፣ በሰው እጅ ብቻ እየበላች! በደንብ የተያዘች አኒሞን ባለቤቷን ልትቀብር ትችላለች።

ባብል ቲፕ ለሁለት ልትከፈልም ትችላለች፤ የእኔዋም ተከፍላለች። እንዲህ ሲሆን ሁለቱንም ወዲያው ማብላት ያጓጓል። እኔ ግን የተቀደደው ጎን ገጥሞ የሁለቱም አፍ መልክ እስኪይዝ ጠብቄ፣ መጀመሪያ የሰጠኋቸው አንዳንድ ማይሲስ ብቻ ነበር። ትንሿ ተቀብላ ዋጠች። ትልቋ ግን ጣለችው፤ እሷን ለሚቀጥለው ሳምንት አሳደርኳት።