የሞተች ላም ዋጋ በየትኛው ወር?

ከያቤሎ የተነሳሁበት መንገድ ሐዋሳን ካለፈ በኋላ እንቅልፍ ነው። ስታዲየም ስወርድ ባለላዳው እስከ ካዛንቺስ 500 ብር ጠራብኝ። ጀበናዋን የጣደች ቡና ሻጭ «ኧረ ተው፣ እንግዳ ነው» ብላ ገሥጻው ሚኒባሱን አሳየችኝ። እኛ ጋ ዋጋ የሚያከራክረው ወይፈን ነው።

የተጠራንበት ስብሰባ ከአፍሪካ አዳራሽ ብዙም አይርቅም። ርእሱ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ የቦረና አርብቶ አደር ያጣው ሀብት ነበር። የቀረበው ሰንጠረዥ አናደደኝ፤ የሞተውን ከብት ድርቁ በከፋበት ወር የገበያ ዋጋ አባዝቶታል። በድርቅ ከብት ይከሳል፣ ሁሉም ለሽያጭ ያወጣል፣ ዋጋው ይወድቃል፤ በቆሎ ደግሞ ይወደዳል። በዚህ ስሌት ድርቁ በከፋ ቁጥር ኪሳራው ወረቀት ላይ ያንሳል!

መነሻው ከድርቁ በፊት የነበረው ዋጋ ነው፤ እሱም በዋጋ ንረት ይስተካከላል። 20 ከብት ካለው ቤት 12 ቢሞት፣ በደህና ዓመትም የሚሞተው አንድ ይቀነስና 11 ይያዛል። በግድ የተሸጠው አልሞተም ተብሎ ይዘለላል፤ የዋጋ ልዩነቱ ግን ኪሳራ ነው። ወተትም አለ፦ ሦስት ላሞች በቀን ሁለት ሁለት ሊትር፣ ለ90 ቀን፣ 540 ሊትር። መንጋው እስኪተካ ያለው ጊዜ ሲጨመር ቁጥሩ ሌላ ይሆናል።

ሻይ ሲወጣ ወሬው ወደ ገንዘቡ ዞረ። የአየር ንብረት ለውጥ ለጎዳቸው ታዳጊ አገሮች የታሰበው የጉዳትና ኪሳራ ፈንድ በ2022 እ.ኤ.አ. በሻርም ኤል ሼክ የአየር ንብረት ጉባኤ ተወስኖ በ2023 ዱባይ ላይ ሥራ እንዲጀምር ጸደቀ። የመጀመሪያው ዙር 250 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ለአንድ ጥያቄ ከ5 እስከ 20 ሚሊዮን። ለታዳጊ አገሮች ሁሉ! አንዱ ተሰብሳቢ «ኢንሹራንስ አለ አይደል?» አለ። አለ፣ ቦረና ውስጥ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። የሚከፍለው ግን ሬሳ ተቆጥሮ ሳይሆን ሳተላይት የግጦሹን ልምላሜ አይቶ ነው። ቁጥቋጦ የወረረው መሬት ከላይ ሲታይ አረንጓዴ ነው፤ ከብቱ ግን የሚግጠው ሣር የለም። ያኔ ክፍያው ይቀራል።

ከሰዓት በኋላ ሰንጠረዡ ይታረም ተባለ። ለዚህ የቦረናዎቹ የዱብሉቅና የሐሮበኬ የከብት ገበያዎች የዋጋ መዝገብ ያስፈልጋል፤ ሲጠየቅም የከብቱ ዕድሜና ፆታ ተለይቶ መሆን አለበት፣ አለዚያ የጥጃው ዋጋ ከወላዷ ላም ጋር ይደባለቃል።