ከ1952 ጀምሮ

ዓመቶቹን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ በኋላ እንዳትምታቱ። እዚህ የምጽፋቸው ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።

በ2004 መጨረሻ በዲቪ መጣሁ። ፖርትላንድ ዘመድ ቤት ጥቂት ወራት ተቀምጬ፣ የሲኤንኤ፣ የነርስ ረዳት ማለት ነው፣ ኮርሴን እንደጨረስኩ ሥራ የተገኘው ኮርቫሊስ ነው። ከፖርትላንድ ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስነዳል። የተማሪ ከተማ ናት፤ ኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባይኖር ማን እንደሚያውቃት እንጃ። እንጀራ የማገኘው ፖርትላንድ የሄድኩ ቀን ብቻ ነበር፣ ፍሪዘር ውስጥ አጣጥፌ እከትተውና በቁጠባ እበላለሁ። ዝናቡስ! እኛ ክረምት ስንል ሦስት ወር ነው። እዚያ ከጥቅምት ጀምሮ ያካፋል፣ ግንቦትም ላይ ያካፋል። የሚገርመኝ ነዋሪው ጃንጥላ አይዝም።

የምሠራበት የአረጋውያን ቤት ውስጥ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም። በልቤ አባባ እላቸው ነበር፣ አንድ ቀን አፌ ላይ መጣና ጮክ ብዬ ጠራኋቸው፣ ምን ማለት እንደሆነ ስነግራቸው ወደዱት። ከዚያ በኋላ በስማቸው ስጠራቸው እንዳልሰማ ይሆኑ ነበር።

አባባ የቤዝቦል ሰው ናቸው። የዩኒቨርሲቲው ቡድን ቢቨርስ ይባላል፣ ቀለማቸው ብርቱካናማና ጥቁር ነው። የኮሌጅ ቡድኖች ሁሉ ሕልማቸው ኦማሃ፣ ነብራስካ ነው፤ በየዓመቱ ሰኔ ላይ የመጨረሻዎቹ ስምንት ቡድኖች ለዋንጫ የሚገናኙት እዚያ ነው። ኦሪገን ስቴት ኦማሃ የገባው በ1952 አንዴ ነበር። አባባ ያኔ ወጣት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሃምሳ ምናምን ዓመት ጠበቁ።

ለምን አልተሳካም ብዬ ጠየቅኳቸው። ወደ መስኮቱ ጠቆሙኝ። ዝናብ። የካሊፎርኒያ፣ የአሪዞና፣ የቴክሳስ፣ የፍሎሪዳ ልጆች ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይጫወታሉ። የውድድር ዘመኑ የሚጀመረው የካቲት አጋማሽ ላይ ነው፣ ያን ጊዜ ኮርቫሊስ ጭቃ ናት። ስለዚህ ልጆቹ ቤት ውስጥ ሲለማመዱ ከርመው፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሻንጣ ተሸክመው ሞቃት አገር ለአገር ይዞራሉ። ጥሩ ተጫዋች ደግሞ ፀሐይ ያለበትን ትቶ እዚህ አይመጣም። ፓት ኬሲ የሚባለው አሰልጣኝ ግን ይህን ሰበብ መስማት አይፈልግም ነበር፣ አብዛኞቹን ልጆች ከዚያው ከአካባቢው ሰበሰበ፣ ዝናብ የለመዱትን።

እኔ መጀመሪያ ጨዋታው ራሱ አልገባኝም። አንዱ ቆሞ አፈሩን በጫማው ይፍቃል፣ ሌላው ቆቡን ያስተካክላል፣ የቀሩት የፈረንጅ ሱፍ እየቆረጠሙ ልጣጩን ይተፋሉ። እናቴ ብታያቸው ‹ይህን ሁሉ ሱፍ ለፍትፍት አታደርጉትም?› የምትል ይመስለኛል። እንደ ገና ጨዋታ ዱላና ኳስ አለው፣ ግን ግርግሩ የለም። አንድ ነገር ብቻ ወደድኩለት፤ ሰዓት የለውም። ደቂቃ አለቀ ተብሎ የሚነፋ ፊሽካ የለም። የመጨረሻው መቺህ ከጨዋታ እስኪወጣ ድረስ አልተሸነፍክም።

በ2005 ቢቨርስ ኦማሃ ገቡ። ከተማው አበደ። እኔ አባባ ክፍል ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሜ ስቀር አለቃዬ አይታኝ ራይት አፕ አደረገችኝ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ማለት ነው። ገና አዲስ ነኝ፣ የምባረር መስሎኝ ሌሊቱን አልተኛሁም። ሕጉ ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ይሰናበታል ነው። ቢቨርስ በቱሌን 3 ለ 1፣ በቤይለር 4 ለ 3 ተሸንፈው ተመለሱ። ሃምሳ ሦስት ዓመት ተጠብቆ ሁለት ጨዋታ! አባባ ምንም አላሉም። እራታቸውን በሉና ‹አሁን መንገዱን አወቁት› አሉኝ።

ሰው ሁሉ ስለዚህ ቡድን ሲያወራ ከ2006 ይጀምራል። ለእኔ ታሪኩ 2005 ነው። ማሞ ወልዴን አስቡት። በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ፣ ከነበሩት ሯጮች አንዱ እሱ ነበር፣ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሜክሲኮ ላይ ማራቶኑን ያሸነፈው በ1968 ነው። ይህን ለአባባ ነግሬያቸው ስሙን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግመው አጠኑት። አበበ ቢቂላን ያውቁ ነበር፣ ማሞን አያውቁም።

2006 ደግሞ ሲመጣ አጀማመሩ የባሰ ሆነ። ኦማሃ ላይ የመጀመሪያውን ጨዋታ በማያሚ 11 ለ 1 ተቀጡ። እኔ በቃ አልኩ። አባባ ግን ቆባቸውን አላወለቁም። ጆርጂያን አሸነፉ፣ ማያሚን ራሱን አግኝተው 8 ለ 1 መለሱለት፣ ራይስን ሁለት ጊዜ በተከታታይ አንድ ነጥብ እንኳ ሳያስገባ አሰናበቱት። ፍጻሜው ከኖርዝ ካሮላይና ጋር ከሦስት ጨዋታ ሁለት ያሸነፈ ነው። የመጀመሪያውን ተሸነፉ፣ ሁለተኛውን 11 ለ 7 ወሰዱ። ቢሸነፉ ሻንጣ ከሚያሸክማቸው ጨዋታ አምስቱን አልፈው ስድስተኛው ቀረ።

በፈረንጅ ሰኔ 26፣ ሰኞ። አለቃዬ ያን ቀን ራሷ ወንበር ስባ አባባ ክፍል ገባች፣ ስለ ራይት አፑ ማንም አላነሳም። ስምንተኛው ኢኒንግ፣ ከዘጠኙ ዙር ስምንተኛው፣ ላይ 2 ለ 2 ናቸው። ኳሷ መሬት ለመሬት ሄደች፣ የኖርዝ ካሮላይናው ልጅ አነሳት፣ ወደ መጀመሪያው ቤዝ፣ ሯጩ ከሚረግጣቸው ማረፊያዎች ወደ አንዱ፣ ሲወረውር ሳታት። ከሁለተኛው ቤዝ የተነሳው የእኛ ልጅ ዞሮ ገባ፣ ነጥብ ሆነ። 3 ለ 2፣ በዚያው አለቀ። ከ1966 በኋላ ከአሜሪካ ሰሜን ክፍል ዋንጫ የወሰደ የመጀመሪያው ቡድን ሆኑ። ‹የእኛ ልጅ› አልኩ አይደል? ያን ቀን ነው የጀመርኩት። አባባ አላለቀሱም፣ እኔ ነኝ ያለቀስኩት፣ ለምን እንደሆነ ግን ዛሬም አላውቅም፤ ምናልባት ናፍቆት ሰበብ ፈልጎ ይሆናል።

ያን ሰሞን ነው በእኛ አገር ገና 1998 መሆኑን የነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና ‹ታዲያ እዚያ ሄደን ብንወራረድስ?› አሉኝ።

በ2007 በሊጋቸው 10 አሸንፈው 14 ተሸነፉ፣ ለጥቂት ነው ውድድሩ ውስጥ የገቡት። ይኸው ቡድን ኦማሃ ሄዶ ኖርዝ ካሮላይናን በድጋሚ፣ አሁንስ በሁለት ቀጥተኛ ጨዋታ፣ አሸንፎ መጣ። በመስከረም የእኛ ሚሌኒየም ሲገባ ፖርትላንድ ለመጨፈር ስሄድ አባባ ብርቱካናማ ቆብ አድርጌ እንድሄድ አዘዙኝ። ሐበሻ ቀሚስ በዚያ ቆብ፣ ፎቶው አለ፣ አላሳያችሁም።

አባባ በ2009 መጀመሪያ ላይ አረፉ። ጎረቤቱ ተቀናቃኝ ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ከ1981 በኋላ ዘግቶት የነበረውን ቤዝቦል መልሶ የከፈተው በዚያው ዓመት ነው። ምነው ይህን አይተው በሆነ ብያለሁ፣ በጣም ይስቁበት ነበር። ዋንጫ ያየ ጎረቤት ዝናቡን ረሳው ማለት ነው።

እኔ አግብቼ ፖርትላንድ ገባሁ። ልጄ በ2008 ተወልዷል። እግር ኳስ ይጫወታል ብዬ ስጠብቅ ይኸው ዱላውን ይዞ ጓሮ ይውላል፣ አባቱ ‹አንቺ ነሽ ያበላሸሽው› ይለኛል። በ2018 ፍጻሜው ከአርካንሶ ጋር ሲሆን አስር ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያውን ተሸንፈን፣ ሁለተኛውን 3 ለ 2 እየተመራን፣ ከመውጣት አንድ ሰው ብቻ ቀርቶን፣ ኳሷ ወደ ላይ ጎነች፤ መሬት ሳትነካ ከያዟት አለቀልን። የሚይዛት የአርካንሶ ተጫዋች ቢጠፋ ነው የሚገርመው፣ ሦስቱ ተሰበሰቡ። ልጄ ተነስቶ ወደ መኝታ ቤቱ ሄደ፣ ማየት አልፈለገም። ሦስቱም እየተያዩ መሬት ወደቀች። ስጮህ ተመልሶ መጣ። መቺያችን ሌላ ዕድል አገኘ፣ አቻ ሆነ፣ ቀጥሎ ትሬቨር ላርናክ ሆም ራን መታ፣ ኳሷን ከሜዳው ውጭ አሻገራት፣ 5 ለ 3። በማግስቱ 5 ለ 0 ሦስተኛው ዋንጫ።

አሁን አሰልጣኙ ሚች ካናም ነው። በ2006ና በ2007 ከመምቻው ኋላ ተቀምጦ ኳስ ይይዝ የነበረው ልጅ። በ2025 ሊጋቸው ፈርሶ ያለ ሊግ ከቦታ ቦታ ሲንከራተቱ ከርመው እንደገና ኦማሃ ገቡ። ያን ዓመት ልጄን ይዤ ኮርቫሊስ ሄጄ ነበር፣ ጎስ ስታዲየም፣ ሰው ጢም ብሏል። ከጎኔ የተቀመጠ ነጭ ሰውዬ የአባባን ቆብ፣ እኔ ላይ ትንሽ የሚሰፋውን፣ አይቶ ቡድኑን ከመቼ ጀምሮ እንደምደግፍ ጠየቀኝ።

‹ከ1952› አልኩት።

ትንሽ አየኝ። ከዚያ የሱፍ ፍሬውን ከረጢት ወደ እኔ ዘረጋ።