ደረቅ አገር ወፍ ማየት፦ ከድሬ ሰፈር እስከ ዳካታ ድንኳን

ወፍ ማየት የጀመርኩ ሰሞን ያገኘሁት ሰው ሁሉ ስለ ባሌ ተራሮችና ስለ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ነበር የሚያወራልኝ። ድሬዳዋ ተቀምጬ ወፍ አያለሁ ስላቸው ይስቃሉ። «አቦ፣ ሙቀትና አቧራ ነው የምታየው!» አሁን ግን ለጀማሪ ከእኛ አካባቢ የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም። ደረቅ አገር ወፉን አንድ ቦታ ይሰበስብላችኋል። ውኃው ጥቂት፣ ጥላው ጥቂት፣ ቀዝቃዛው ሰዓት አጭር ነው። እነዚህን ሦስቱን ያወቀ ሰው ብዙ መዞር አይጠበቅበትም።

ሌላው የታደልንበት ነገር ከፍታው ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የሐረርን መንገድ ይዛችሁ ደንገጎ ስትደርሱ ከ2,000 ሜትር በላይ ሆናችኋል፤ ይህ ሁሉ በአንድ ሚኒባስ፣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ። ታች ግራሩ ውስጥ ያሉት ሆርንቢሎች (ትልቅና ጎባጣ ምንቃር ያላቸው ወፎች) ላይ አይታዩም። ላይ ገደሉ ጋ የሚያንዣብበው፣ ጅራቱ ከማጠሩ የተነሳ የተቆረጠ የሚመስለው ቁራም ከመስጊድ አጠገብ ከምናየው ቁራ የተለየ ነው። ስሙ ፋን ቴይልድ ሬቨን ይባላል። ሲበር ክንፉ ሰፊ፣ ጅራቱ ደግሞ የለም የሚባል ስለሆነ ከሩቁ ብዙ ሰው ንስር ይመስለዋል።

የመጀመሪያውን ትምህርት የወሰድኩት ከከተማ ነው፤ ለማንም የምመክረውም ይህንኑ ነው። ሐረር ሥጋ ተራ ሂዱና ጭልፊቶቹን ተመልከቱ። ሥጋ በፌስታል ይዞ የሚያልፍ ሰው ላይ ከጣራ እየተወረወሩ ይነጥቃሉ። እዚያ ቆማችሁ መጽሐፍ ላይ ያለውን ነገር በዓይናችሁ ታያላችሁ፦ ጅራቱ ጫፉ ላይ ሹካ ሆኖ የተከፈለ ነው፤ አቅጣጫ ሊቀይር ሲል ክንፉን ሳያንቀሳቅስ ጅራቱን ብቻ ጠመዝመዝ ያደርጋል። ይህን ቅርፅ በደንብ የያዘ ሰው ሰማይ ላይ ያለውን ሌላውን ሁሉ ከጭልፊት ጋር እያነጻጸረ ይለያል። ይህ ይበልጣል፣ ያኛው ጅራቱ አልተከፈለም፣ የዚያኛው ጅራት ደግሞ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነው።

ያ ጫፉ የሾጠጠው ነጩ ጥንብ አንሳ ነው። ያደገው ነጭ ሆኖ ፊቱ ቢጫ ነው፣ የክንፉ ዳርቻ ጥቁር። ገና ያልጎለመሰው ግን ቡናማ ስለሆነ ብዙ ሰው ከሌላው ጥንብ አንሳ ጋር ይቀላቅለዋል፤ ቀለሙን ትታችሁ ጅራቱን ብቻ እዩ። ይህ ወፍ በዓለም ደረጃ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው አንዱ ነው። ከቡልጋሪያና ከግሪክ ሳይቀር የሚነሱት ክረምታቸውን ለማሳለፍ ወደ እኛ ይመጣሉ፤ ጎረቤታችን አፋር ውስጥ በአንድ ወቅት ከ1,000 በላይ ተቆጥረዋል። ከሚገድሏቸው ነገሮች አንዱ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ነው። ሊያርፉ ሲሉ ክንፋቸው ሽቦና ብረት አንድ ላይ ከነካ አለቀ። ስለዚህ እኔ ቆሻሻ መጣያውንም፣ የምሰሶውን ሥርም ማየት ልማድ አድርጌያለሁ። ደስ የሚል ሽርሽር አይደለም፤ ግን ብዙ የተማርኩት እዚያ ነው።

ስለ አቅራቢ መነጽር (ባይናኩላር) ባጭሩ፦ 8×42 ይበቃል። ስምንቱ የሚያቀርበው መጠን ነው፤ አርባ ሁለቱ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር። 10×50 የያዘ ጓደኛ አለኝ፤ ከባድ ነው፣ እጅ ሲንቀጠቀጥም ያጎላዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ መሬቱ ሲግል አየሩ ራሱ ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ አሥርም ሃያም እጥፍ ብታቀርቡ የሚቀርበው ጭጋጉ ነው። ገንዘባችሁን ለመነጽሩ ሳይሆን ለትራንስፖርት አውሉት።

ድምፅ ላይ ለመድረስ ጊዜ ወስዶብኛል። የረዳኝ አንድ ወፍ ነው፤ ኋይት ቤሊድ ጎ አዌይ በርድ ይሉታል። ግራጫ፣ ሆዱ ነጭ፣ ራሱ ላይ ቁንጮ ያለው፣ ረጅም ጅራት። ግራር ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንደ ፍየል ይጮሃል። ቀልዴን አይደለም፤ እረኛ ሳይቀር ዞር ብሎ ያያል። እሱን አንዴ ከለያችሁ ጆሯችሁ ይከፈታል፤ ቀጥሎ የምትሰሙት እየተቀባበሉ የሚያፏጩትን ጥንድ ወፎች ነው። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ከመቅጽበት ይጨርሳል፤ ሰው አንድ ወፍ ነው ብሎ ይምላል። ሮዚ ፓችድ ቡሽ ሽራይክ የሚባለው፣ ደረቱ ላይ ሮዝ ቀለም ያለው፣ ከእነዚህ አንዱ ነው።

አሁን ወደ ድንኳኑ። ከሐረር በስተምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ባቢሌ አለች፤ ለውዝና ግመል ገበያ የምናውቃት። ከእሷ አልፎ በጅግጅጋ መንገድ ላይ የዳካታ ሸለቆ ነው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ አሁን ይወድቃል ስትሉት ዘመናት ያለፈው። በደቡብ በኩል ደግሞ በ1970 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ ይዘረጋል። ስፋቱ ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስለሆነ ዝሆን አያለሁ ብሎ ሄዶ ፋንድያና የተሰበረ ቲን (በለስ ቁልቋል) ብቻ አይቶ የተመለሰ ብዙ ነው። ዝሆኖቹ ኤረርና ጎበሌ ሸለቆዎች መካከል ይዘዋወራሉ፤ የቲኑን ፍሬ ይወዱታል። ከሰው ጋር ያላቸው ግንኙነት ሰላማዊ ስላልሆነ በእግር ስትሄዱ ያለ ስካውት (የመጠለያው ጠባቂ) አንድ እርምጃ እንዳትራመዱ። ከመነሳታችሁ በፊት ፈቃዱንም የመንገዱንም ሁኔታ ከመጠለያው ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ድንኳን የሚተከልበትን ቦታ በተመለከተ አልደራደርም። ደረቁ የወንዝ አሸዋ ለስላሳ ነው፣ ጥላ አለው፣ ወፉም እዚያ ነው። ማደሪያ ግን አይደለም። የድሬ ልጅ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ዝናቡ የዘነበው በብዛት ላይ፣ ተራራው ላይ ነበር። እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ እየታየ ጎርፉ ከላይ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ቀን አሸዋው ላይ፣ ማታ ከፍ ካለው ደልዳላ ላይ። ውኃ ለአንድ ሰው በቀን አምስት ሊትር እይዛለሁ፤ ለማብሰያው ሌላ ጀሪካን። ብዙ አለህ የሚሉኝ አሉ፤ ማታ ከእኔ ይቀዳሉ።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሻይ ይፈላል፤ 12 ተኩል ላይ ሁሉም ሰው ተቀምጦ መሆን አለበት። ተቀምጦ አልኩ። እኔ መጀመሪያ አካባቢ የእያንዳንዱን ድምፅ ምንጭ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ እል ነበር። አብሮን የነበረው ስካውት፣ ዕድሜው የአባቴ የሚሆን ሰው፣ ዝም ብሎ ሲያየኝ ቆየና «ልጄ፣ ቁጭ በል። ውኃው እዚህ ነው፤ የት ይሄዳሉ?» አለኝ። አሸዋው ውስጥ ከብት ጠባቂዎች የቆፈሩት፣ ውኃው ከክንድ የማይርቅ ጉድጓድ ነበር። ከእሱ ሠላሳ እርምጃ ርቀን ቁጥቋጦ ተጠግተን ተቀመጥን።

መጀመሪያ የመጡት ትንንሾቹ ናቸው፤ ረጅም ጅራት ያላቸው፣ ድንቢጥ ሊያክሉ ምንም ያልቀራቸው ናማኳ እርግቦች። ከዚያ ሱፐርብ ስታርሊንግ፦ ጀርባው የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ አረንጓዴ፣ ሆዱ የሸክላ ቀለም፣ መካከሉ ላይ ነጭ መስመር። ለእኛ በየጓሮው ያለ ወፍ ነው፤ የውጭ አገር ጎብኚ ግን ፎቶውን ካላነሳ አይነሳም። ቀጥሎ ሆርንቢሎቹ። የቮን ዴር ዴከን ሆርንቢል ወንዱ ምንቃሩ ቀይ ሆኖ ጫፉ ቢጫ ነው፤ የሴቷ ጥቁር ነው፤ ጥንዱ ጎን ለጎን ሲያርፍ ለጀማሪ ከዚህ የቀለለ መለያ የለም። ሴቷ ስትፈለፍል የዛፍ ሽንቁር ውስጥ ገብታ በሩን ትደፍነዋለች፤ ምንቃር የሚያሾልክ ስንጥቅ ብቻ ይቀራል፤ ወንዱ በዚያ ያጎርሳታል።

ወደ 3 ሰዓት ግድም የጠበቅነው መጣ። ሳንድግራውስ የሚባሉት፣ እርግብ የሚያክሉ፣ መልካቸው ከአሸዋው የማይለይ ወፎች ናቸው። ከመድረሳቸው በፊት ድምፃቸው ይሰማል፤ አንዴ ዞረው፣ ሁለቴ ዞረው፣ ከጉድጓዱ ራቅ ብለው ያርፋሉ። ዝም ይላሉ። ከዚያ በእግር እየተንቀሳቀሱ ይቀርባሉ፤ ጠጥተው በአንድ ጊዜ ብድግ። ሁሉ ነገር ደቂቃ አይሞላም። ከመካከላቸው አንድ ወንድ ሲቀር አየሁ። ውኃው ውስጥ ገብቶ ሆዱን ወዲያና ወዲህ ይንጣል፤ ላባውን ያበጥራል፤ እንደገና ይቀመጣል። የሆዱ ላባ ውኃ ይዞ እንዲቆይ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ኪሎ ሜትሮች በሮ ጫጩቶቹ ጋ ሲደርስ ላባውን እየመጠጡ ይጠጣሉ። ይህን አንብቤ አውቀው ነበር፤ ሲነሳ ከሆዱ ሥር ጠብ ጠብ ሲል ሳይ ግን መነጽሩን አውርጄ በባዶ ዓይኔ ነው የተከተልኩት። ከእነዚሁ ወገን ሲመሽ ብቻ የሚጠጡ አሉ፤ ስለዚህ ለ12 ሰዓት ምሽትም ቦታችሁን ያዙ።

ቀትር ላይ ወፍ የለም፤ ተኙ፣ ወይም ድንጋዩን እዩ። ሽኮኮዎቹ ድንጋይ ላይ ተዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ በድንገት ጮኸው ሁሉም ከተሸጎጡ ወደ ሰማይ ቀና በሉ፣ ንስር አለ ማለት ነው። በዚህ መንገድ ያገኘሁት ንስር ራሴ ፈልጌ ካገኘሁት ይበልጣል። እንሹ (ትንሿ ሚዳቋ መሰል እንስሳ) ደግሞ ሁልጊዜ ጥንድ ጥንድ ነው። አንዱ ካመለጣችሁ ሁለተኛው እዚያው ቁጥቋጦ ሥር ቆሟል፤ አትንቀሳቀሱ።

ማታ ድንኳኑ አካባቢ የምግብ ትርፍራፊ አይቀመጥ። የሐረሩን ጅብ፣ ሥጋ በእንጨት ከአፍ ላይ ሲያጎርሱት አይቶ ያደገ ሰው የዱሩንም ይዳፈራል። የዱሩ ከሰው ጋር ውል የለውም። ለሌሊቱ የምመክራችሁ አንድ ዕቃ አለ፤ ባለሱቆች የብር ኖት የሚፈትሹባት ወይን ጠጅ ብርሃን ያላት ትንሽዬ ባትሪ። እሷን ይዛችሁ መሬቱን ስትቃኙ ጊንጥ ካለ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። መጀመሪያ ያየን ማታ ደስ ብሎን ስንፈልግ ቆየን፤ ስንት እንዳሉ ካየን በኋላ ግን ጫማ ሳያራግፍ የሚያጠልቅ ጠፋ።

ቀጣዩ ዕቅዴ ወደ ሌላኛው አቅጣጫ፣ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ ያለው ኤረር ጎታ ነው። ሐማድርያስ የሚባሉት ዝንጀሮዎች፣ ወንዶቹ ትከሻቸው ላይ ብርማ ጎፈር ያላቸው፣ ማታ ገደል ላይ ያድራሉ። ሃንስ ኩመር የተባለው የስዊዝ ተመራማሪ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. እነሱን ያጠናው እዚያው ነው። አንድ ወንድ ጥቂት ሴቶችን ይዞ እንደሚኖር፣ ወደ ኋላ የቀረችውን አንገቷን ነክሶ እንደሚመልስ፣ እነዚህ ቤተሰቦች ሲመሽ አንድ ገደል ላይ በብዛት እንደሚሰበሰቡ የጻፈው ከዚህ ከጓሯችን ተነስቶ ነው። ከጥቅምት በኋላ ከሄድን በባብ ኤል መንደብ ተሻግረው በጅቡቲ በኩል የሚገቡትን ስቴፕ ንስሮችም መንገድ ላይ እናገኛለን ብዬ አስባለሁ። መኪና ያለው ይምጣ፤ ነዳጅ እንካፈላለን። የወፍ መለያ መተግበሪያውን ግን ከነሥዕሎቹ ከተማ ላይ አውርዱት፣ እዚያ ኔትወርክ የለም።

ከዚያ በፊት አንድ እርዳታ ልጠይቃችሁ። ከባቢሌ በታች ሜዳው ላይ፣ ድንቢጥ ከፍ የሚል ቡናማ ወፍ አለ። ደረቱ ላይ ጠቆር ያለ ጭረት፣ ከዓይኑ በላይ ነጣ ያለ መስመር። ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ድንገት ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ወጥቶ እየዘመረ ይወርዳል። የላርክ ወገን መሆኑ አልጠፋኝም፤ የትኛው ላርክ እንደሆነ ነው ያስቸገረኝ። ያነሳሁት ፎቶ ከጀርባው ነው፤ ሲበር የጅራቱ ዳርና ዳር ቀላ ያለ መስሎኛል። የምታውቁ ካላችሁ ቀጥሎ ስሄድ ምኑን ልይ፣ ጅራቱን፣ ምንቃሩን ወይስ የኋላ ጥፍሩን?