የቀፊራዋ ጀሪካን

ደንገጎን ቁልቁል ስንወርድ ሹራቤን አወለቅኩ። ድሬዳዋ ስንገባ ሸሚዜም ከበደኝ። ከዚራ ዛፎች ሥር ትንሽ ካረፍኩ በኋላ ባጃጅ ይዤ ወደ ቀፊራ ገበያ ሄድኩ። መንገዳችን ላይ ደቻቱን ተሻገርን። አሸዋ ብቻ! በ1998 ዓ.ም ክረምት ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ይሄው ደረቅ ወንዝ ነው።

ቀፊራ ውስጥ ሳምቡሳ የሚጠብሱ አንዲት እናት ዘንድ ተቀመጥኩ። "አቦ ቁጭ በል ልጄ፣ ፀሐይዋ ትጨርስሃለች" ብለው በርጩማ ሰጡኝ። ከጎናቸው ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን አለ። የብድርና ቁጠባ ደብተራቸውን ደግሞ ዘይት እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልለው ከመቀመጫቸው ሥር ሸጉጠውታል።

"ድሮ ዘይት በግማሽ ሊትር ከሱቅ በዱቤ ነበር የምወስደው" አሉኝ። "ማታ ሸጬ ስከፍል እጄ ላይ የሚቀረው ፍርፋሪ ነው።" በጀሪካን መግዛት እንደሚረክስ ያውቁ ነበር። የጀሪካኑን ብር አንዴ ማግኘት ነው ያቃታቸው። ድህነት እኮ ሁሉን ነገር በችርቻሮ፣ በውድ ያስገዛል።

የሚያስይዙት ቤት የለ፣ ሊብሬ የለ። አምስት ሴቶች ሆነው እርስ በርስ ተዋሱና ተበደሩ። በባንግላዴሽ ሙሐመድ ዩኑስ እ.ኤ.አ. በ1976 ለ42 ሰዎች 27 ዶላር አበድረው የጀመሩት ሥራ ነው ይሄን የቡድን ዋስትና በዓለም ያስተዋወቀው። እኛ አገር የማይክሮፋይናንስ አዋጅ የወጣው በ1988 ዓ.ም ነው። መጀመሪያ ላይ ለአንድ ተበዳሪ ከ5,000 ብር በላይ አይፈቀድም ነበር።

ዋስትናው ግን ጣጣ አለው። "አንዷ ሳትነግረን ጅቡቲ ገባች። ሦስት ወር የእሷን ድርሻ አራታችን ከፈልን። እስከዛሬ ከእህቷ ጋር አንነጋገርም።" ይህን ሲናገሩ ሳምቡሳው አረረባቸው። አውጥተው ለእኔ በነፃ ሰጡኝ። ያረረው ይጣፍጣል፣ እውነቴን ነው።

አጠገባቸው ቲማቲም የምትሸጠው ወጣት ወሬያችንን ስትሰማ ቆይታ "እኔ ወለድ አልነካም፣ ሐራም ነው" አለች። በወለድ ፈንታ አበዳሪው ዕቃውን ገዝቶ በትርፍ የሚሸጥበት ሙራባሃ እንዳለ ነገርኳት። "ሰምቻለሁ። እቁብ ግን ፎርም አያስሞላም" ብላ ቲማቲሟን መደርደር ቀጠለች። መልስ አጣሁላት።

እ.ኤ.አ. በ2015 በስድስት አገሮች የተሠሩ ጥናቶች አብረው ታትመው ነበር፤ አንዱ በአማራና በኦሮሚያ የተደረገ ነው። አነስተኛ ብድር የድሃን ኑሮ ከሥሩ ይለውጣል የሚል ማስረጃ አላገኙም። ያ ትዝ ብሎኝ "እትዬ፣ ታዲያ ሕይወትዎ ተለወጠ?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ሕይወቴ?" ብለው ሳቁ። "ዘይቱ ተለወጠ።"

ከዚያ በጭልፋው ጀሪካኑን ኳ ኳ አደረጉ። ድምፁን አዳምጠው "እስከ ሐሙስ ያደርሰኛል" አሉ።