ተሰባሪ አጥንትን ለተማሪዎቼ ያስረዳሁበት መንገድ

አዳማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ አንዱ ኦስቲዮጀነሲስ ኢምፐርፌክታ የተባለው፣ አጥንትን በቀላሉ ለስብራት የሚያጋልጠው በጂን ለውጥ የሚመጣ ሕመም ስላለበት፣ የክፍል ጓደኞቹ ሁኔታውን በትክክል እንዲረዱ ከእሱና ከወላጆቹ ጋር ተስማምተን አንድ ትምህርት አዘጋጀሁ። ቤተሰቡ ከየአቅጣጫው የሚሰማው ምክር «ካልሲየም አንሶት ነው፤ ወተት ይጠጣ» የሚል ነበር። እኔ ለማሳየት የፈለግሁት ግን የአጥንት ብርታት በማዕድኑ ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ በዓይን በማይታየው ውስጣዊ አሠራሩ እንደሚወሰን ነው።

ከአጥንት ደረቅ ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የካልሲየምና የፎስፌት ማዕድን ሲሆን፣ የቀረው በአብዛኛው ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ነው። የሁለቱን ድርሻ ለመለየት አንድ የዶሮ እግር አጥንት በአቼቶ ዘፍዝፌ፣ አቼቶውን እየለወጥሁ ለቀናት አቆየሁት፤ ማዕድኑ ሟሙቶ ሲወጣ አጥንቱ ቅርጹን ሳይለቅ የሚተጣጠፍ ሆነ። ሌላውን ደጅ አውጥቼ በከሰል ላይ ነጭ እስኪሆን አቃጠልሁት፤ ኮላጅኑ ነድዶ ስላለቀ በጣት ሲጫኑት ተፈረካከሰ። ተማሪዎቹ ሁለቱን በእጃቸው ሲይዙ ብዙ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። ሆኖም በዚህ ማቆም ያሳስታል፤ በዚህ ሕመም ኮላጅኑ ፈጽሞ አልጠፋም፣ ወይ መጠኑ አንሷል ወይ አሠራሩ ተዛብቷል።

መዛባቱን ለማሳየት ሦስት የቃጫ ክሮች አንድ ላይ አስገመድኋቸው። የአጥንት ኮላጅን ሞለኪውልም ሦስት ሰንሰለቶች እርስ በርስ የተጠማዘዙበት ነው፤ በእያንዳንዱ ሰንሰለት ላይ በየሦስተኛው ቦታ የሚገኘው ፕሮቲን ከሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች ሁሉ ትንሹ ግላይሲን ነው፣ ምክንያቱም በጥምዝዙ እምብርት ያለው ጠባብ ቦታ ሌላ አያስገባም። ተማሪዎቹ በክሮቹ መካከል አንድ ባቄላ አስገብተው ሲገምዱ ያ ቦታ አብጦ ላላ። በጂን ለውጥ ምክንያት ግላይሲን በሌላ ተለቅ ያለ አሚኖ አሲድ ሲተካ የሚሆነው ይህንን ይመስላል፤ ከባድ የሆኑት የሕመሙ ዓይነቶች ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይነሳሉ። ቀለል ባለው የሕመሙ ዓይነት ግን የኮላጅኑ አሠራር ደህና ሆኖ መጠኑ በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የወሰደብኝና ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ስስ ቁራጭ ነበር። ከሥጋ ቤት ያመጣሁትን የበሬ ቅልጥም መካከሉን በብረት መጋዝ ቆርጬ፣ ከሥሩ የተቀመጠ ጽሑፍ እስኪነበብ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ላይ በውሃ ፈገፈግሁት። በትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ የደም ሥር የሚያልፍባቸው ቦዮች፣ በዙሪያቸው ያሉት ቀለበቶችና የአጥንት ሕዋሳት የሚኖሩባቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች በግልጽ ታዩ። ኮላጅኑ ራሱ በዚህ መሣሪያ አይታይም፤ ይህንንም አስቀድሜ ነገርኋቸው።

ቁራጩን እያዩ ስንጥቅ እንዴት እንደሚጓዝ አስረዳኋቸው። በጤናማ አጥንት ስንጥቁ የቀለበቶቹ ወሰን ላይ ሲደርስ አቅጣጫውን ይለውጣል፤ የኮላጅን ቃጫዎችም ተስበው ጉልበቱን ስለሚበሉት ጉዞው ይገታል። በተሰባሪው አጥንት ግን ቦዮቹ በዝተው ወይም ሰፍተው ሲገኙ ጫና በዙሪያቸው ይከማቻል፣ ሕዋሳቱ የሚኖሩባቸው ጉድጓዶችም ይበዛሉ። ከኮላጅኑ ሰንሰለቶች አንደኛው ዓይነት በሌላቸው አይጦች ላይ የተደረገ ምርምርም ስንጥቁ ብዙም ሳይጠማዘዝ እንደሚያልፍ አሳይቷል። እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀኝ፣ የአጥንቱ ጠቅላላ መጠን ያነሰ ቢሆንም ያለው ሕብረ ሕዋስ ከጤናማው ይልቅ በማዕድን የታጨቀ መሆኑ ነው። የወተቱ ምክር ስፍራውን የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ እንዳይጎድሉ መጠንቀቅ ተገቢ ቢሆንም፣ የተዛባውን ኮላጅን አያቃኑትም።

የልጁ እናት ለትምህርቱ መጥተው ስለነበር «መምህር፣ ታዲያ የሚሰጡት መድኃኒት ምን ይሠራለታል?» ብለው ጠየቁ። ቢስፎስፎኔት የተባሉት መድኃኒቶች አሮጌ አጥንት የሚበሉትን ሕዋሳት ስለሚያዘገዩ የአጥንቱ ግድግዳ እንዲወፍር እንደሚረዱ፣ የኮላጅኑን አሠራር ግን እንደማይለውጡ ነገርኋቸው። በልጆች ላይ የሰፋው አጠቃቀማቸውም በ1998 እ.ኤ.አ. ከካናዳ ከታተመ ጥናት በኋላ መሆኑን ጨመርሁላቸው።

ይህን የሚሞክር መምህር የማየት ልምምዱን ከማብራሪያው እንዲያስቀድም፣ ከቤተሰቡም ፈቃድ ሳያገኝ እንዳይጀምር እመክራለሁ። ተማሪዎቹ በራሳቸው ተነሳሽነት ልጁ ግርግር ሳይፈጠር ከደወል ጥቂት ቀደም ብሎ እንዲወጣ ሐሳብ አቀረቡ፣ እሱም ተስማማ። ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ግን አልወጣም፤ ጡንቻ ሲሠራ አጥንትን ስለሚያበረታ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው የፈቀደለትን እንቅስቃሴ ከጓደኞቹ ጋር ይሠራል።