ከስልኩ ደብዳቤው

የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለዕረፍት ከአሜሪካ ወደ ባሕር ዳር መጣሁ። ሻንጣዬ ውስጥ፣ ከስጦታው ሥር አንድ ወረቀት ደብቄያለሁ። የክሬዲት ካርድ፣ ማለት በዱቤ የሚያስገዛ ካርድ፣ ቢል ነው። 186 ዶላር ለመማሪያ መጽሐፍ። ከሥሩ ደግሞ ያው መጽሐፍ፣ ያው 186 ዶላር። እኔ የገዛሁት አንድ መጽሐፍ ነው።

ተናድጄ ከቢሉ ምንም ሳልከፍል ተውኩት። በሚቀጥለው ወር ወለድ ተጨመረበት። የዘገየ ክፍያ ቅጣትም መጣ፣ 27 ዶላር። ለሌላው ትንሽ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የምማረው በግቢው ካፌ ሳህን እያጠብኩ ነበር።

ባሕር ዳር ሆኜ ካርዱን ወደሰጠኝ ድርጅት በየቀኑ መደወል ጀመርኩ። እነሱ ቢሮ ሲከፍቱ እኛ ጋ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ቤት ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ ጣና ዳር እወርዳለሁ። ከዘጌ እንጨት የጫኑ ታንኳዎች ሲመጡ እያየሁ፣ የስልኩን ሙዚቃ እየሰማሁ እጠብቃለሁ። ሰው ሲያነሳ ከሀ እጀምራለሁ። "እናየዋለን" ይሉኛል። በማግስቱ ሌላ ሰው ያነሳል፣ እንደገና ከሀ።

ለቤተሰብ መናገር አልፈለግኩም። እኛ ጋ ዕዳ ያሳፍራል። አባቴ ግን ነቃብኝ። አንድ ማታ "ማንን ነው በየቀኑ የምትለምኚው?" አለኝ። ነገርኩት።

ዝም ብሎ ሰማኝና ከአልጋው ሥር የብስኩት ቆርቆሮውን አወጣ። ደረሰኞቹን ሁሉ የሚያስቀምጥበት ነው። ከዓመታት በፊት የውሃ ቆጣሪው ተሳስቶ ተነቦ ብዙ ብር ሲመጣበት የጻፈውን ማመልከቻ አሳየኝ። ቅጂው ላይ የመዝገብ ቤቱ "ገቢ" ማኅተም አለ፤ ቀንና ቁጥር አለው። "አንቺ ደወልኩ ትያለሽ። አልደወለችም ቢሉ ምን ታሳያለሽ? በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።"

ያን ሌሊት የቢሉን ጀርባ አነበብኩ፣ ያንን ማንም የማያነበውን ደቃቅ ጽሑፍ። ለካ አባቴ ያለውን ሕጉም ይለዋል። አሜሪካ ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ በ1974 የወጣ፣ የክሬዲት ካርድ ቢል ስህተትን የሚመለከት ሕግ አለ። ስህተቱ ያለበት የመጀመሪያ ቢል ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ደብዳቤያችሁ እጃቸው መግባት አለበት። መደወል ይቻላል፣ መብታችሁን ግን አያስጠብቅም። የሚላከውም ገንዘብ ወደሚከፈልበት አድራሻ አይደለም፤ ለቢል ጥያቄ ተብሎ ለብቻው ወደተጻፈው ነው። እነሱ መድረሱን በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያሳውቃሉ፣ ቢበዛ በ90 ቀን ይቋጩታል። እስከዚያ የተከራከራችሁበትን ገንዘብ ክፈሉ ብለው ማስገደድ አይችሉም። ያልተከራከራችሁበትን ግን ትከፍላላችሁ። ይህን አላወቅኩም ነበር።

ቀኑን ቆጠርኩ። 47 ሆኖታል።

ደብዳቤው ግማሽ ገጽ አልሞላም። ስሜ፣ የሒሳብ ቁጥሬ፣ የግዢው ቀን፣ የገንዘቡ መጠን። "ይህ ግዢ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል። አንዱና በእሱ ላይ የታሰበው ወለድ ይሰረዝልኝ።" የሻጩን ደረሰኝ ቅጂ አያያዝኩ። ስድብም ልመናም አላስገባሁበትም። ከባሕር ዳር በፖስታ ብልከው ቀኑ ያልፋል ብዬ ፈራሁ። ፈርሜ፣ ፎቶ አንስቼ ለዶርም ጓደኛዬ በቴሌግራም ላክሁላት። እሷ አትማ በአደራ ደብዳቤ አስገባችልኝ። ተቀባዩ የፈረመበት አረንጓዴ ካርድም በፖስታ ተመለሰላት። የካርዱን ፎቶ ለአባቴ ሳሳየው "ይኸው፣ ገቢ ሆነ" አለ።

የማልከራከርበትን 186 ዶላር ያኔውኑ ከፈልኩ። መልሱ የመጣው ወደ ትምህርቴ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ሁለተኛው 186 ዶላርና በእሱ ላይ የታሰበው ወለድ ተሰርዟል። የ27 ዶላሩ ቅጣት ግን አልተነሳም። መክፈል የነበረብኝን ስላዘገየሁ ትክክል ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ስንት የአገሬ ልጆች ላልገዙት ዕቃ ዝም ብለው ሲከፍሉ አይቻለሁ። "ከፈረንጅ ጋር ምን አጨቃጨቀኝ" ይላሉ። በጣም ያመኛል። ያ እኮ የሌሊት ፈረቃ ገንዘብ ነው። ካርዳችሁ ዴቢት፣ ማለት በቀጥታ ከባንክ ሒሳባችሁ የሚቆርጥ፣ ከሆነ ሕጉም ቀነ ገደቡም ሌላ ነውና በዚያው ቀን ለባንካችሁ አሳውቁ።

አባቴ የመልሱን ቅጂ እንድልክለት ጠይቆኝ ነበር። ላክሁለት። አሁን ቆርቆሮው ውስጥ፣ ከውሃ ማመልከቻው ጋር አንድ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል።